ሴትዮዋ ከየት መጣች?

ጥር 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ጥያቄ ለማያልቅባት ለእሜቴ ለምን፣

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታዬ ያለሽበት ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ከደረጃው ጋር አልስማማም ብሏታል። እኔም ደኅና ነኝ፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ደጋግሜ መሞከሬን እንደ ሕመም ካልቆጠርሽው። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የሰው አገር ሥራሽን ያቅናልሽ።

ይህ ደብዳቤ ከጥቅል ጋር የመጣው በምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት የኋላው ክፍል ጣሪያ ሲያፈስ ከርሞ ኖሮ፣ የፊልም መደርደሪያችን ሻግቶ አገኘሁት። መደርደሪያውን መቼም ታውቂዋለሽ። ግራው የአባትሽ፣ ቀኙ የእኔ፣ መሃል ላይ ደግሞ ድንበር የምንለው ጣውላ አለ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረው፣ በሕይወት ሳለ ከጣውላው አልፌ አንድ ካሴት ነክቼ አላውቅም። የእኔ ወገን ድብድብ፣ ፍቅርና እንባ ነው። የእሱ ወገን ሰው ቁጭ ብሎ በመስኮት የሚያይበት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በአባትሽ ፊልሞች ግን እንቁላሉ እስከ መጨረሻው ቁጭ እንዳለ ነው።

ሻጋታው ሁሉንም ሳይጨርስ ብዬ ዴኩን ከመቅጃው ጋር አገናኝቼ ወደ ሲዲ መገልበጥ ጀመርኩ። የአባትሽን አስቀደምኩ፣ ድርሻሽ ነውና። ዝም ብዬም አልገለበጥኩም። ሱሪ ሲረዝም እንደማሳጥረው ሁሉ፣ ምንም የማይሆንበት ቦታ ሲደርስ መቅጃውን አቁሜ ወደ ስፌቴ እዞራለሁ፣ ሰው መናገር ሲጀምር እቀጥላለሁ። ትርፉን ሁሉ ቆርጬልሻለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ፊልም አሁን አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አንቺ ሥራ የሚበዛብሽ ሰው ስለሆንሽ ይጠቅምሻል።

ካሴቶቹን ለጎረቤታችን ለአትክልተኛው ሰጠሁት። የካሴቶቹን ክር አውጥቶ ከችግኞቹ በላይ ሲወጥረው ነፋስ እያንቀጫቀጨው ወፍ ድርሽ አትልም አሉ። ከእኔ ወገን አንድ ድብድብ ምርቃት ጨምሬልሻለሁ። እሱን አልቆረጥኩትም፤ የሚቆረጥ ነገር የለውም።

ገንዘብ ልላክ ወይ ብለሽ ነበር፤ ተይው። ዴኩ ውስጥ ያለችው ክብ ላስቲክ ልትበጠስ ደርሳለች፤ እዚህ ደግሞ የሚሸጣት ጠፋ። አባትሽ ቢኖር ከአሮጌ ሬዲዮ ፈልቅቆ አንድ ነገር ያበጅላት ነበር። እዚያ ከተገኘች እሷን ላኪልኝ።

ቸር ያሰማን።
አጎትሽ

የካቲት 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? የእናቴ ጉልበትስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ መሞረዴን ቀጥያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን አጥርቼ ማታ የራሴ ዓይን ይደክመኛል። ጥቅሉ በሰላም ደርሶኛል። የሻገተውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲገለብጡ እንደከረሙ ሳስበው እጅዎን ልስመው ይቃጣኛል። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን እጅዎን ከሳመች ልጅ እንደመጣ አድርገው ይውሰዱልኝ።

መጀመሪያ የከፈትኩት የባቡር ጣቢያውን ፊልም ነው። ምክንያቱን ያውቁታል።

ሕጋችንን አልረሳሁትም። እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ተራ በተራ። ባለተራው ይመርጣል፣ ሌላው ሻይ ያፈላል። ፊልሙ እስኪያልቅ «ይሄ ደግሞ ምኑ ፊልም ነው?» ማለት ክልክል። መተኛት ይፈቀዳል፣ ተነሥቶ መውጣት ግን አይፈቀድም። እርስዎም በአባቴ ተራ የተፈቀደልዎትን ሳይሰስቱ ይጠቀሙበት ነበር። እኔም ጭንዎ ላይ ተጠቅልዬ አብሬዎት እተኛ ነበር። ስንተኛ ሰውየው ጣቢያው ወንበር ላይ ሴትዮዋን ይጠብቃል። ስንነቃ ከሴትዮዋ ጋር ቤቱ እራት ይበላል። እርስዎ ዓይንዎን እያሹ «ይቺ ሴትዮ ከየት መጣች?» ይላሉ። አባቴ እስኪያስለው ይስቅና «ነቅተህ እይ» ይላል። ሌላ መልስ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በኋላማ ጠፍቶ የከረመ ካልሲ ሲገኝ፣ ሳይጠራ እንግዳ ሲመጣ፣ ሁላችንም የምንለው እሱን ሆነ።

አባቴ መልሱን ለማንም ሳይነግር ሄደ። እናቴ ሁልጊዜ በፈረቃ ሥራ ላይ ስለነበረች ፊልሙን አይታው አታውቅም። እዚህ ፊልም የሚሰበስቡ ሰዎች ጋር እየሄድኩ ጠይቄያለሁ፤ የሰማው እንኳ የለም። ስለዚህ ሲዲውን የከፈትኩት መልሱን ላገኝ ጓጉቼ ነው። ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ማንም አልወረደም። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ብልጭ አለና እራት። ሴትዮዋ ማንኪያ ይዛ ቁጭ ብላለች።

አጎቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተኝተው ያለፉትን ቦታ አሁን ነቅተው ቆረጡት። ተናድጃለሁ። አስር ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ እቆርጣለሁ የሚሉት ሰው እርስዎ አይደሉም? ለእርስዎ ምንም የማይሆንበት ቦታ፣ ለአባቴ ፊልሙ እሱ ነበር። እባክዎን አትክልተኛው ጋር ይሂዱልኝ። ካሴቱ ካልተከፈተ ይመልስልን። ከጠፋ ግን መልሱ አብሮት ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ላስቲኳን እየፈለግኩ ነው። የላኩልኝንም ድብድብ አየሁ። እውነቱን ለመናገር በሪሞት እያሮጥኩ ነው ያየሁት። ባለ ነጭ ሸሚዙ ያሸንፋል።

በአክብሮት፣
የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመመለስ የዘገየሁት አኩርፌ ነው፤ ፖስታ ቤቱን አልወቅስም።

ለሦስት ሳምንት አኮረፍኩ። እናትሽ ስትሰለች «ልጅቷ ምን አለች? አባቷን አትቁረጥብኝ ነው ያለችው» አለችኝ። ያን ቀን እንጀራዬን የምበላባትን መቀስ ሳያት አስጠላችኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኔ የአባትሽን ፊልም ቆረጥኩ፤ ጥፋት ነው። አንቺስ የእኔን ያሮጥሽው ምን ሊባል ነው? ማን አሸነፈ ብዬ የጠየቅኩሽ ይመስል ባለ ነጭ ሸሚዙ ያሸንፋል ብለሽ ጻፍሽልኝ። እሱንማ የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ሥዕልም ይናገራል። ጣትሽን ከሪሞቱ ላይ አንሺና እንደገና እይው። ምኑን እንደምወደው አልነግርሽም።

አትክልተኛው ጋር ሄጃለሁ። አብዛኞቹ ካሴቶች ሳይከፈቱ በርጩማ ሥር ተደርድረዋል። የጣቢያው ፊልም ግን መጀመሪያ የተከፈተው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ይባስ ብሎ የተዘረጋው መጨረሻው ነው። አባትሽ «አይተህ ስትጨርስ ወደ ኋላ አጠንጥነው» እያለ ስንት ዓመት ለመነኝ፤ እኔ አጠንጥኜ አላውቅም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀለለው የመጨረሻው ነበርና፣ አትክልተኛው ጫፉን ይዞ ሲስበው የወጣው አንቺ የምትፈልጊው ቦታ ነው። ከቲማቲሙ በላይ ከእንጨት እንጨት ታስሮ፣ ፀሐይ ላይ እየተንቀጫቀጨ አየሁት።

መልስልኝ ስለው፣ ችግኙ ጠንከር ሳይል ክሩን ካነሣሁ ወፎቹ አንድ አያስተርፉልኝም አለ። እውነቱን ነው፤ እሱም የሚበላው ከዚያው ነው። ሄጄ ከሱቄ የሚያብረቀርቅ የኮት ገበር ቁርጥራጭ በከረጢት ሙሉ አምጥቼ፣ አብረን እየቀደድን ሰቀልንለት። ከካሴቱ የባሰ ያብረቀርቃል። እሱም ክሩን ፈትቶ ሰጠኝ። ፈትቶ ስል ያልተፈታለትን በቢላ በጥሶ ማለቴ ነው።

አሁን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የወፍ ኩስ ያለበት፣ የተቋጠረ፣ የተጠላለፈ ክር ተከምሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉት እኔን ነው። በውሃ ያራስኩትን ጨርቅ ይዤ እየጠረግኩ፣ ቋጠሮውን በመርፌ እየፈታሁ እለቅማለሁ። እናትሽ በበሩ ብቅ ብላ «ልትሰፋው ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ይዳን አይዳን አላውቅም። ቢድንም ማያ የለኝም፣ ላስቲኳ ተበጥሳለች። የሱሪ ላስቲክ ቆርጬ አስገብቼ ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰክሮ የሚሄድ መሰለ።

አጎትሽ

ግንቦት 30 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እናቴን፣ ጉልበቷን አርፋ ካላሞቀችው አልታረቃትም ይበሉልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ላስቲኳን አሮጌ ዕቃ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዘንድ አገኘኋት። አንዷ ብትበጠስ እንዳይቸገሩ ደርቤ ልኬያለሁ። ዴክዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ አባቴ ስንት ጊዜ ፈትቶ ስለገጠመው አሁን የራሱ ዓይነት ነው አልኩት።

የዘገየሁት በኩርፊያ አይደለም። ፊልምዎን እያየሁ ነበር።

ሪሞቱን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ራሴን አመመኝ፤ ጥፊው ከበሮ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ተኛሁ፤ መቼም የቤታችን ሕግ ይፈቅዳል። ከዚያ ግን አጎቴ ይህን ያህል ዓመት ምን ይታየው ነበር ብዬ አሰብኩ። እርስዎ እንደሚያዩት ለማየት ሞከርኩ፤ ጡጫውን ትቼ ልብሱን። ያኔ ታየኝ። ባለ ነጭ ሸሚዙ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሣ ሸሚዙ ከቀበቶው አይወጣም። የሌሎቹ ይወጣል፣ ብብታቸውም ይተረተራል። የእሱ ግን በግንብ ላይ ሲንጠለጠል እንኳ አልተነቃነቀም። አቁሜ ቀረብ ብዬ አየሁ። ብብቱ ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ገብታለች።

ልጅ ሆኜ ሱቅዎ በር ላይ ስቀመጥ ቀለም ቀቢዎቹና ግንበኞቹ ለምን ወደ እርስዎ ብቻ እንደሚመጡ አስታወስኩ። «እሱ የሰፋው ሸሚዝ እጅ ሲያነሡ አይወጣም» ይሉ ነበር። እውነት ከዚህ ፊልም ነው የተማሩት? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሌንስ የምሞርድ ሰው ሆኜ ግን እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር። በማሮጤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሚያለቅሱበትን ቦታ ግን አሁንም አልወደድኩትም። ሙዚቃው ቀድሞ አልቅሶ ይጨርስና ለእኔ የሚቀር የለም። ይህን ስል ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ።

ክሩስ? ብዙም አልጠይቅዎትም። ግን በየቀኑ አስባለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 18 ቀን

ለእሜቴ ለምን፣

እግዜር ያክብርሽ፣ ዓይንሽን ይባርከው። ላስቲኳ ልክክ ብላ ገባች። እናትሽ ጉልበቷን ማሞቅ ጀምራለች፤ የአንቺ ኩርፊያ ከሐኪም ይበልጣል።

ሸሚዙን አየሽው። ሰው ሆኖ ያንን ያየልኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ከዚያው ፊልም ነው የተማርኩት። ሥራ ስጀምር ማንም አላሳየኝም፣ እያቆምኩ እያቆምኩ በጋዜጣ ላይ ቀድጄ ሞከርኩት። መጀመሪያ የሰፋሁት ደግሞ ለአባትሽ ነው፤ ጣሪያ ላይ አንቴና ሲያስተካክል ሆዱ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳይታይ ብዬ። ለብሶት ክንዱን ወደ ላይ አነሣ፣ አወረደ፣ አነሣ። «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። እኔም «ነቅተህ እይ» አልኩት። አዎ፣ እሱም በእኔ ተራ ይተኛ ነበር። አንቺ ትንሽ ስለነበርሽ የእሱን እንቅልፍ አላስተዋልሽም።

ስለ እንባው ቅር አላለኝም። የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ ፊልሙም የእኔ ነው። አንቺ ሻዩን ካፈላሽ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ክሩ። የተበጣጠሰውን በቀጭን ፕላስተር ቀጠልኩት፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል ለማወቅ ብዙ ተከራከርኩ፣ ከራሴ ጋር። በእርሳስ እያዞርኩ ጠቀለልኩት። እሁድ ከምሳ በኋላ እናትሽ ሻይ አፈላች። እኔ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ከዚያ የጣቢያውን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልተኛ አየሁት።

ሥዕሉ ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ድምፁ ይርቃል፣ ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ የአትክልተኛው ቋጠሮ አልፎ ሁሉም ነገር ጎበጠ። ግን ታየ። ሴትዮዋ ከየት እንደመጣች አየሁ።

ሲያልቅ ዘወር ብዬ የአባትሽን ቦታ አየሁት፣ የሶፋው ጠርዝ ላይ ያለውን። «አየሁት» አልኩት። እናትሽ ብርጭቆዎቹን ይዛ ወጣች። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሙዚቃ አልነበረውም። በጣም ናፈቀኝ። የእኔን የሚንቅብኝ ይመስለኝ ነበር እኮ፤ ለካ የእሱን እንዳይለት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ከየት እንደመጣች አልነግርሽም። አሳጠርኩ ማለት ይሆንብኛል። ሙሉውን ሳልቆርጥ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ዓይንሽ ይድከም፣ ግድ የለም። ሌሎቹን ካሴቶች ከአትክልተኛው መልሼ ወደ ግራ ወገን አስገብቻቸዋለሁ፤ እነሱንም እንዳሉ እገለብጣለሁ።

ነቅተሽ እይ።
አጎትሽ

መስከረም 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከእግርዎ እስከ ራስዎ ሰላም ያድርግዎ፤ እጅዎ መቀስ ቢይዝም ባይዝም አይታመምብኝ።

እሁድ እስኪደርስ ሳልከፍተው ጠበቅኩ። መዘግየቴ ለዚያ ነው፤ ሁለት እሁድ ሥራ ገባሁና ሦስተኛው ሆነ። ምሳ በላሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ተቀመጥኩ።

ባቡሩ ሄደ። ማንም አልወረደም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ነው። ከእሱ ኋላ ሐዲዱ ረዝሞ ሄዶ የሚጠፋበት ቦታ ይታያል። ብዙ ቆየ፣ እውነትዎን ነው፣ ምንም አይሆንም። ዓይኔ ከበደኝ። ነጠብጣቡ ይረግፋል፣ ይነሣል፣ ይረግፋል። ከዚያ አንዷ ነጥብ እንደማትረግፍ አየሁ። ሐዲዱ ጫፍ ላይ ናት። መጀመሪያ የወፍ ኩስ መሰለችኝ። ግን ትመጣለች። ቀስ እያለች አደገች፣ እግር አወጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሳትወርድ ባቡሩ አሳልፏት፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሯ እየተመለሰች ነው። ሰውየው ጀርባውን ስለሰጣት አያያትም። እኔ ግን አየኋት፤ ብቻዬን ቤት ውስጥ «ዘወር በል» አልኩት።

ደርሳ ከጎኑ ቆመች። አላቀፋትም፣ አልጮኸም። ፈቀቅ አለላት። ብቻ ያ ነው፤ ወንበሩ ላይ ፈቀቅ አለላት፣ ተቀመጠች። ከዚያ እራት።

አባቴ ለምን እንደዚያ ይስቅ እንደነበር ገባኝ። እርስዎ ሶፋው ላይ ተዘርግተው፣ እኔ እርስዎ ላይ ተዘርግቼ፣ እሱ በገዛ ተራው ፈቀቅ እያለ ጠርዝ ላይ ቀርቶ ነበር ፊልሙን የሚያየው። አንድ ቀን እስክንነቃ ይጠብቃል። ቀስቅሶን አያውቅም። እርስዎ ደርሰውለታል፣ ዘግይተውም ቢሆን በእግርዎ። እኔም ከኋላዎ ደረስኩ።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የፈለጉትን ይምረጡ፣ ከሚያስለቅሱት አንዱ ቢሆንም ይሁን፤ እሁድ ከምሳ በኋላ እርስዎ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ። ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ